የአባዬ ባጃጅና ቀጭኑ ግራይንደር

የአባቴ ባጃጅ ዳገት መፍራት ከጀመረ ሰነበተ። ሞተሩን ፈትተን የላይኛውን ክዳን፣ መካኒኮች ቴስታታ የሚሉትን፣ ስናወጣው ጭስ የሚወጣበት ቀዳዳ በጥቀርሻ ግማሹ ተደፍኗል። የሰፈራችን መካኒክ «በግራይንደር አንድ ጊዜ ነው» አለ። ብረት የሚቆርጥበትን ትልቁን ማለቱ ነበር። ቴስታታው ግን ለስላሳ አልሙኒየም ነው። ከሲሊንደሩ ጋር የሚገጥመው ለጥ ያለ ፊቱ ከተጫረ ሞተሩ ይተነፍሳል፤ ሌላ ቴስታታ ደግሞ ከተማውን ሁሉ ዞረን አጥተናል። አባቴ የሚተዳደረው በዚያ ባጃጅ ነው።

«እኔ እሠራዋለሁ» አልኩ። መካኒካል ኢንጂነሪንግ ተምሬ ቤት ከተቀመጥኩ ቆይቷል።

ግራይንደር ልገዛ ከመናኸሪያው አጠገብ ወዳለው የመሣሪያ ሱቅ ሄድኩ። ባለሱቁ ትልቅ ሰው ናቸው። «ለማን ነው?» ሲሉኝ «ለወንድሜ» አልኩ። ወንድም የለኝም።

«እንግዲያው የወንድ ዕቃ ይኸውልሽ» ብለው ክንዴን የሚያህል ማሽን አወጡ። በሁለት እጄም ከበደኝ።

«ምን ሊሠራበት ነው?»

«የቴስታታ ቀዳዳ ሊያጸዳበት።»

«በዚህ? ሞተሩን ጠልቶታል እንዴ?»

ጫማዬን አየሁ። «ጋሼ፣ ለራሴ ነው።»

«ታዲያ የሌለ ወንድም ከየት አመጣሽብኝ? እስቲ እጅሽን አሳዪኝ!» ሳቁና ከመደርደሪያው ሌላ አወረዱ፤ እንደ ወፍራም እስክሪብቶ የሚያዝ፣ ጫፉ ላይ ትንሽ ድንጋይ የሚሰካበት፣ ፍጥነቱ በቁጥር የሚስተካከል። እጄ ውስጥ ልክ ገባ።

ለሦስት ቀን አመሻሽ ላይ በተጣለ አሮጌ ክዳን ተለማመድኩ። አራት ቁጥር ላይ ጨዋ ነበር፤ ወደምወስደው ይሄዳል። ቅዳሜ ረፋድ የአባቴን ቴስታታ ጠረጴዛ ላይ አጥብቄ አሰርኩና በዚያው አራት ቁጥር አስነሳሁት። ጮኸ። ድንጋዩ ቀዳዳውን እንደነካ ዘለለና ለጥ ባለው ፊት ላይ መስመር አሰመረ።

ገመዱን ነቅዬ ቁጭ አልኩ። አባቴ ከበሩ መጣ።

«ማታ ሰፈሩ ሁሉ ስቶቭ ሲሰካ መብራቱ ይደክማል። አሁን ሁሉም ገበያ ወጥቷል፤ ጉልበቱ ሙሉ ነው» አለ በቀስታ። ቮልቴጅ ሲጨምር ሞተር እንደሚፈጥን በክፍል ተምሬዋለሁ፤ ፈተናም ወድቄ አላውቅም። እጄ ግን የለመደው የደከመውን መብራት ነበር።

ጥፍሬን ጭረቱ ላይ አስኬድኩት፤ ያዘኝ። የቱ ጋ እንደሚታሽ እንዲያሳየኝ ፊቱን በሙሉ በማርከር ቀባሁ፤ የመስኮት መስተዋት ላይ ረቂቅ ብርጭቆ ወረቀት ዘርግቼ ውኃ እያረጠብኩ፣ ሳልጫን፣ እያዞርኩ አሸሁት። ቀለሙ እኩል ለቀቀ። መስመሯ ግን አልጠፋችም፤ ቀጠነች እንጂ። ለአራተኛ ጊዜ ስሞክር ጥፍሬ ምንም ሳይነካው አለፈ። ከዚያ ፊቱን በፕላስተር ደራርቤ ሸፈንኩና በአንድ ቁጥር፣ በሁለት እጄ ይዤ፣ ጥቀርሻውን ጨረስኩ።

አጥበን ገጠምነው። ሞተሩ ሲነሳ መጋጠሚያውን ዙሪያውን የሳሙና ውኃ ቀባሁ፤ የሚተነፍስ ከሆነ አረፋ ይሠራል። አባቴ ጋዝ ሰጠው።

«እሺ ኢንጂነሯ፣ ምን ይላል?»

ሁለቴ ዞሬ አየሁ። «አረፋ የለም፣ አባዬ።»

«በይ ዘወር በይ፤ ወደ ሞርሲቶ የሚሄዱ ተሳፋሪዎች እየጠበቁኝ ነው።»

ወጥቶ ሄደ። እኔም እጄ ሳሙና እንደሆነ ደጁ ላይ ተቀምጬ ባጃጁ ዳገቱን ሲወጣ የሞተሩን ድምፅ አዳመጥኩ።