በእትዬ እመቤት ቀን የሚሄደው ላፕቶፕ

እትዬ እመቤት ላፕቶፑን የመረጡት በመብራቱ ነው። ቤይሩት ውስጥ አንድ ሱቅ ገብተው፣ «ለወንድሜ ልጅ ጠንካራውን ስጠኝ» ሲሉት ሻጩ አንዱን ከፈተላቸው። የፊደል መጫኛው ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ እያለ ሲንቦገቦግ በቃ ይሄው ነው አሉ። ለካ የጌም ላፕቶፕ ኖሯል። እኔ ደግሞ ሞላሌ ላይ አይሲቲ የማስተምር፣ ከካርታ በቀር ጨዋታ የማላውቅ ሰው ነኝ። ክብደቱ የወፍጮ መጅ ያህላል፤ ማራገቢያው ሲነሳ ጎረቤቶቼ ጄኔሬተር የገዛሁ ይመስላቸዋል። ቢሆንም በእጄ ከነካኋቸው ማሽኖች ሁሉ የሚበልጥ ነበር። እሳቸውም ስንት ዓመት በማዳማቸው ቤት የሰው ልብስ ሲተኩሱ፣ የሰው ልጅ ሲያሳድጉ ኖረው፣ የሻንጣቸውን ግማሽ ለእሱ ለቀው ነው ያመጡልኝ።

የአባቴ ታናሽ እህት ናቸው። ሲሄዱ ገና ተማሪ ነበርኩ፤ ሲመለሱ አባቴ በሕይወት አልነበረም። እናም ከእኔ ጋር ገቡ። ሳምንት ሳይሞላ ቤቱን ወረሱት፤ የምለብሰው የሱፍ ባናዬ ታጥቦ ተሰጣ፣ አሮጌው ድስቴ ተጣለ፣ ማምሸት የሚባል ነገር ቀረ። እኔ ቁጡ ነኝ። እሳቸው ደግሞ የሰው ቁጣ እንደ ነፋስ ጩኸት አልፎ እስኪሄድ የሚጠብቁ ሴት ናቸው። በዚህ ምክንያት ተስማምተን ኖርን።

በ2009 ዓ.ም. ለሁለተኛ ዲግሪ የክረምት ትምህርት ተመዘገብኩ። ዩኒቨርሲቲው ከመቀበሉ በፊት አንድ ሥራ ሊኑክስ በሚባለው የኮምፒውተር ሥርዓት ላይ ሠርተን እስከ ሰኞ በኢንተርኔት እንድንልክ አዘዘ። ያልላከ ቦታው ለሌላ ይሰጣል። ላፕቶፑ ላይ ያለው ዊንዶውስ ብቻ ነው። እሱን እንዳላጠፋው የእትዬ እመቤት ፎቶዎች ሁሉ እዚያ ናቸው፤ ቤይሩት ያሳደጓት ልጅ ከጥርስ ማብቀሏ ጀምሮ አለች። ስለዚህ ሁለቱን ጎን ለጎን ማኖር ነበረብኝ። ዲስኩን ከፍዬ ለሊኑክሱ ድርሻውን ሰጠሁትና ከፍላሽ ላይ ጫንኩት።

ቅዳሜ ጠዋት ነው፣ የሚያዝያ ማርያም። ጭኜ ጨርሼ መልሼ ሳስነሳው ስክሪኑ ጨለመ። አጠፋሁት፣ አበራሁት፤ ያው ነው። መብራቱ ብቻ ከሥር ይንቦገቦጋል።

«ምነው ጠቆረ?» አሉ ከበስተኋላዬ።

«የስክሪኑ ካርድ ከሊኑክሱ ጋር አልተግባባም እትዬ።»

«ገና ዛሬ መገናኘታቸው አይደል? ጊዜ ስጣቸው እንጂ።»

እኔ የምሰጠው ጊዜ አልነበረኝም። መጀመሪያ ዊንዶውሱን ከፍቼ ፎቶዎቹ መኖራቸውን አየሁ፤ አሉ፣ ተመስገን። ከዚያ ሊኑክሱን በሚነሳበት ሰዓት አንዲት ቃል ጽፌ በተራ ስክሪን አስገባሁት። ፊደሉ ሁሉ ያበጠ፣ መስኮቱ ከስክሪኑ የሚተርፍ ሆነ፤ ቢሆንም ገባ። የቀረው ለካርዱ የሚስማማውን ፕሮግራም ከኢንተርኔት ማውረድ ነው፤ ሥራው የሚሠራበትንም ፕሮግራም እንዲሁ። ስልኬን ለኢንተርኔት አገናኘሁና ማሽኑን አውርድ ብዬ አዘዝኩት። አልቀበልም አለ።

ኔትወርኩን ረገምኩት። ስልኩን መስኮት ላይ አቆምኩት፤ አልሆነም። በረንዳ ላይ ወንበር አውጥቼ፣ ነፋሱ ጋቢዬን እየገለበ እዚያ ሞከርኩ። ድረ ገጽ ስከፍት ደግሞ ይህን ገጽ ማመን አልችልም ይለኛል። «ሞላሌን ነው የማታምነው?» ብዬ ጠረጴዛውን መታሁት። እትዬ እመቤት በሶ በጥብጠው አመጡልኝ። አልፈልግም አልኩ። አጠገቤ አስቀምጠውት ተቀመጡ። እሳቸው ያመጡልኝ ዕቃ እፊታቸው እንቢ ሲለኝ፣ ሰኞም ቦታዬን ሳጣ ታየኝ።

«ምንድን ነው የሚለው?» አሉ።

«ተዉት እትዬ፣ ነገሩ እንግሊዝኛ ነው።»

«በአማርኛ ንገረኛ ታዲያ።»

ለመገላገል ያህል አነበብኩላቸው። «የሚወርደው ፋይል ገና ጊዜው አልደረሰም ይላል። የሚሠራው ከሰባት ዓመት ከምናምን በኋላ…»

ሰባት ዓመት ከምናምን። ቃሉ ከአፌ ሳይወጣ ዓይኔ ወደ ስክሪኑ ማዕዘን ሄደ። 21/8/2009። ሚያዝያ ሃያ አንድ፣ ሁለት ሺህ ዘጠኝ። እሳቸው ይዘውት ከመጡበት ከታኅሣሥ ጀምሮ በየቀኑ አይቼዋለሁ፤ የትምህርት ዕቅዴ ላይ ቀን ስጽፍ እንኳ ከዚያ ነው የምገለብጠው። ትክክለኛ ቀን ነው። ትክክለኛ ነገር ማን ይጠረጥራል? ማሽኑ ግን የሚያውቀው የፈረንጁን ብቻ ነውና ራሱን ሰባት ዓመት ወደኋላ አስቀምጦ፣ የሚመጣለትን ሁሉ ገና አልተወለደም እያለ ይመልሳል።

«ቀኑን ማን ነካው?» አልኩ ዞሬ።

«እኔ» አሉ ሳያቅማሙ። «ከሱቁ ሳልወጣ ነው የኛን አስገባልኝ ያልኩት። ልጁ ሳቀብኝ፤ ግን አስገባው፣ እኔንም አሳየኝ። አንዳንድ ወር ሠላሳ አንድ ሲል እኔ አንድ አደርገዋለሁ። ሠላሳ አንድ የሚባል ቀን እኛ ጋ የታለ?»

«ለምን እትዬ?»

«እዚያ ማዳሜ ቤት ግድግዳው ላይ የእነሱ ቀን ነው ያለው። የኔን በሆዴ ነበር የምቆጥረው፤ ዛሬ ሚካኤል፣ ዛሬ ገብርኤል፣ ዛሬ መድኃኔዓለም እያልኩ። አንድ ጊዜ ታመምኩና ትኩሳቱ ሲለቀኝ ቀኑ ጠፋብኝ። ፊት ለፊት ፎቅ ላይ አንዲት ያገራችን፣ የራቤል ልጅ ትሠራ ነበር። ልብስ ልታሰጣ እስክትወጣ ጠብቄ፣ ‹እህቴ፣ ዛሬ ማን ነው?› ብዬ ጮህኩ። ‹ማርያም ናት› አለችኝ። እዚያው በረንዳው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ታዲያ ይሄ ዕቃ አንተ ጋ ሲመጣ የአገሩን ቀን ይዞ ይግባ ብዬ ነው።» ስክሪኑን አዩት። «እና እኔ ነኝ ያበላሸሁት?»

ንዴቴ የት እንደገባ አላውቅም። ሳቄም መጣ፣ ዕንባዬም መጣ።

«ምንም አላበላሹም። የፈረንጁን ቀን ካልሰጠሁት ግን አይታዘዘኝም።»

«ስጠው እንግዲያ» አሉ። «እኔም በነሱ ቀን እየሠራሁ ነው የኖርኩት። የኔን ግን አልተውኩትም።»

ቀኑን ለወጥኩት። መልሼ ሳዝዘው ያ ሲያኮርፍ የዋለ ማሽን መስመር በመስመር ያወርድ ጀመር። ማራገቢያው እያጓራ፣ እኔ የተውኩትን በሶ እየጠጣሁ፣ እሳቸው አገጫቸውን በእጃቸው ደግፈው ጠበቅን። አጥፍቼ ሳስነሳው ስክሪኑ እንደ መስተዋት ጠራ። እንደገና ሳስነሳው የሊኑክስና የዊንዶውስ ስም ተራ በተራ ተጽፎ፣ የቱን ልክፈት ብሎ ጠየቀኝ። የሳቸውን፣ ፎቶዎቹ ያሉበትን ዊንዶውስ ከፈትኩላቸው። ልጅቷን አይተው፣ እሷም አድጋ ይሆናል አሉና ወደ ጓዳ ገቡ። ሥራውን እሑድ ከሰዓት ላክሁት፤ ከሳምንታት በኋላም ተቀበሉኝ።

ክረምቱን ዩኒቨርሲቲው ግቢ ስማር ውዬ ማደር ሆነ። ማሽኑ ጁላይ ይላል፣ መምህሩ ጁላይ ይላል፣ የፈተናው ሰሌዳ ጁላይ ይላል። አንድ ጠዋት አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ በእኛ ስንት እንደሆነ ባስብ ባስብ አልመጣልኝ አለ። አብረውኝ የሚያድሩትን መጠየቅ እችል ነበር። ሞላሌ ደወልኩ።

«እትዬ፣ ዛሬ ማን ነው?»

«ማርያም ናት» አሉኝ ወዲያው። ከዚያ ድምፃቸው ተለወጠ። «ልጄ፣ ታመሃል እንዴ?»

«አልታመምኩም። ቀኑ ጠፍቶብኝ ነው።»

«አይዞህ» አሉ። «እኔ እይዝልሃለሁ።»

በማግስቱ ጠዋት ተነስቼ ፊቴን ሳልታጠብ ስልኬ ጮኸ። ትምህርቱ ተዘግቶ ወደ ሞላሌ እስክመለስ ድረስ አንድም ጠዋት አላጎደሉብኝም።