ከገና በፊት ያለችው ቅዳሜ

ዴልበርት ፕሩዊትን የሚጠላ ሰው በከተማችን በፓይን ፎርክ አላውቅም። በዴልበርት ፕሩዊት ተናዶ የማያውቅም አላውቅም። ከተናደዱበት ደግሞ አንደኛዋ እኔ ነኝ።

ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ የወረዳችንን የትምህርት ቤት አውቶቡሶች ሲጠግን ኖሯል። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ሥራው ጠዋት ጠዋት እኔ ቁርስ ቤት መጥቶ መስኮቱ ሥር ያለውን ጠረጴዛ መያዝና ከጓደኛው ከሆሊስ ክሬንሾ ጋር መጨቃጨቅ ነው። ቁርስ ቤቱ የኔ ነው፤ ስሜ ኧርሊን ይባላል። የሁለቱን ጭቅጭቅ እየሰማሁ የበቆሎ ገንፎ ሳማስል ፀጉሬ ሸበተ።

ጭቅጭቁ ሁልጊዜ ስለ ኳስ ነው። ልጆቹ የራስ ቁር አድርገው፣ ኳሱን ብብታቸው ሥር ወሽቀው የሚሮጡበት የዩኒቨርሲቲዎቹ ኳስ። በዚህ በአላባማ መኸር ሲገባ ሌላ ወሬ የለም። ቡድናችን ጭልፊቶቹ ናቸው። ሜዳቸው ከዚህ በመኪና ሃምሳ ደቂቃ ነው።

«ሁለት!» ይላል ሆሊስ፣ ሹካውን እንደ ዳኛ ባንዲራ አንስቶ። «አንደኛና ሁለተኛ የወጡት ለአገሪቱ ዋንጫ ይጋጠማሉ፣ አለቀ! አባቶቻችን በዚህ ኖረው ሞቱ።»

«አንደኛ መሆኑን ማን ነገራቸው? ጋዜጠኛ ቢሮው ቁጭ ብሎ ድምፅ ሰጥቶ?» ይላል ዴልበርት። «ሜዳ ላይ ይለይ! አሥራ ሁለት ቡድን ይግባ፣ ያሸነፈ ይውሰድ።»

«አሥራ ሁለት! ነገ ደግሞ የቤተ ክርስቲያኑን መዘምራን ጨምርና ሃያ አራት በል። ሦስቴ የተሸነፈ ቡድን ዋንጫ ሊያነሳ ነው?»

«የኛን ልጆች አንድም ጊዜ ሳይሸነፉ ቤታቸው ያስቀሯቸው ዘመን ተረሳህ?»

«አንተ ታስረሳኛለህ እንዴ? በየጠዋቱ ከገንፎው ጋር ታጎርሰኛለህ!»

ዴልበርት በዚህ ነገር የምሩን ነበር። ለሊጉ ሰዎች ስድስት ደብዳቤ ጽፏል። ፊደሉን ያረምኩለት እኔ ነኝ፤ ዕድሜ ልኩን አውቶቡስ የጠገነ ሰው የጻፈውን ማንበብ ቀላል እንዳይመስላችሁ። በመጨረሻ አሥራ ሁለቱ የጸደቀ ቀን ትልቅ የፒካን ለውዝ ኬክ ተሸክሞ መጥቶ ለቤቱ ሁሉ ቆረሰ። ሆሊስ «የቀብር ኬክ አልበላም» ብሎ ዞር አለና፣ ሲወጣ ሁለት ቁራጭ በሶፍት ጠቅልሎ ወሰደ።

አሁን ስለ ናዲን ልንገራችሁ። ናዲን የዴልበርት ሚስት፣ የኔ ደግሞ የነፍስ ጓደኛዬ ነበረች። ከሞተች አራት ዓመት ሆናት። በሜዳው ላይ ሠላሳ አንደኛው ረድፍ፣ ስምንትና ዘጠኝ ቁጥር ወንበር የነሱ ነው። ዩኒቨርሲቲው እንደነሱ ላሉ የድሮ ደንበኞች እስከ ዛሬ ትኬቱን በወረቀት ያትማል። ናዲን ከሞተች በኋላ ዴልበርት ዘጠኝ ቁጥርን ለማንም ሰጥቶ አያውቅም። በሩ ላይ ሁለቱንም ትኬት ይዘረጋል፤ በረኛው «ሌላው ሰው የት አለ?» ሲለው «ሁለት ነን» ይላል። በረኛው ሁለቱንም ይቀድለታል። ዴልበርት ገብቶ የናዲንን ትራስ ወንበሯ ላይ ያነጥፍና ጨዋታውን ያያል። ይሄን ያወቅሁ ቀን ወጥ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ሴት ልጅ አላቸው፤ ማርሊስ። የዛሬ ሃያ ዘጠኝ ዓመት በጥቅምት ወር፣ በአንድ ቅዳሜ፣ ጭልፊቶቹ በሜዳቸው ሲጫወቱ ነው የተወለደችው። ናዲን ጠዋት ምጥ ሲጀምራት ሐኪሙ «ከምሽት በፊት አትወልድም» አለ። እሷም ዴልበርትን «እዚህ ቆመህ በራዲዮ ከምትጮህብኝ ሂድና እዚያው ጩህ» አለችው። እንግዲህ ምን ይባላል? ሄደ! ልጅቷ የጨዋታው ሦስተኛ ሩብ ላይ ዱብ አለች። መጀመሪያ ያቀፍኳት እኔ ነኝ። ዴልበርት ጨዋታው አልቆ ፊቱን ግማሽ ቀይ ግማሽ ነጭ እንደተቀባ እየሮጠ ሲገባ፣ ነርሷ እብድ የመጣ መስሏት በሩን ዘጋችበት።

ናዲን አልተቆጣችም። ከሸሚዝ ኪሱ የተቀደደውን ትኬት አወጣችና የሕፃኗ አልበም ውስጥ፣ አባት ልጁን አቅፎ የሚታይበት ፎቶ መለጠፍ የነበረበት ገጽ ላይ ለጠፈችው። ከሥሩም «አባቷ በዚህ ሰዓት እዚህ ነበር» ብላ ጻፈች። በየዓመቱ በማርሊስ ልደት አልበሙ ይወጣል፤ ቤቱ በሳቅ ይሞላል። ዴልበርትም ይስቃል። አንገቱ ግን ቲማቲም ይመስል ነበር፤ እሱን የማየው እኔ ብቻ ነኝ።

ማርሊስ አድጋ የጥርስ ሐኪም ረዳት ሆነች። ባለፈው ዓመት ፀደይ ላይ፣ ኩርት ከሚባል ጨዋ ልጅ ጋር ቀለበት ካሰረች በኋላ ቁርስ ቤት መጣች።

«ሚስ ኧርሊን፣ ቀኑን ቆርጠናል። ከገና በፊት ያለችው ቅዳሜ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ። እናቴና አባቴ ያገቡባት ቅዳሜ ናት።»

ነገሩ ገባኝ። እነሱም ያኔ ያችን ቅዳሜ የመረጡት ኳስ ስለሌለ ነው። በኛ አገር በመኸር ቅዳሜ ሠርግ የሚደግስ ሰው ከሙሽሮቹና ከቄሱ በቀር ማንንም አያገኝም፤ ቄሱም ከመጣ ነው።

ዴልበርት ከመስኮቱ ሥር ሆኖ «ጎበዝ!» አለ። «ያን ጊዜ ሜዳው ባዶ ነው። ሣሩን እንኳን የሚያጠጣው የለም።»

ያን ሁሉ ደብዳቤ የጻፈው ሰውዬ ነው እንግዲህ ይሄን የሚለው! አሥራ ሁለት ቡድን ከገባ አንድ ዙር እንደሚጨመር፣ የተጨመረው ዙር ደግሞ የሚውልበት ቀን እንደሚያስፈልገው ያሰበ አንድ ሰው አልነበረም። እሱም፣ እኔም፣ የሠርግ ካርዱን ያተመውም።

ነገሩን ያወጣው ሆሊስ ነው፤ ኅዳር ላይ። ጋዜጣውን ገለጠና «ዴልበርት፣ ያንተ አሥራ ሁለት የመጀመሪያው ዙር መቼ ነው?» አለ።

«እኔ ምን አውቄ፣ ከገና በፊት ያለችው…»

ማንኪያው አፉ አጠገብ ቆመ።

ሆሊስ እንኳን አልሳቀም። ቀስ ብሎ አስረዳን። የሊግ ዋንጫ ካነሱት አራቱ ትልልቆቹ በመጀመሪያው ዙር ያርፋሉ። ከአምስተኛ እስከ ስምንተኛ የወጡት ግን ያቺን ቅዳሜ በየሜዳቸው ይጫወታሉ። ጭልፊቶቹ ለሊጋችን ዋንጫ ከወርቃማዎቹ ጋር ሊጋጠሙ ነው። ካሸነፉ ያርፋሉ፤ ሠርጉም በሰላም ያልፋል። ከተሸነፉ ሠርጉ ቀን ሜዳችን ላይ ናቸው።

ከዚያ በኋላ እንደ ዴልበርት የጸለየ ሰው አይቼ አላውቅም። ሆሊስም ከስንት ዓመት በኋላ ከዴልበርት ጋር አንድ ነገር ተመኘ። ምን ዋጋ አለው! ጨዋታው ሊያልቅ ሁለት ሰከንድ ሲቀረው ወርቃማዎቹ ኳሱን በሁለቱ ምሰሶ መሃል ለጉትና አሸነፉ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ደረጃው ሲነገር ቁርስ ቤቴ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። ቴሌቪዥኑ «ሰባተኛ፣ በራሳቸው ሜዳ፣ ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት» ሲል ቤቱ በጩኸት ተናጋ። ጉድ በሉ፣ ዘጠኝ ሰዓት! ግማሹ «ያገር ያለህ፣ ወርቃማዎቹም ሁለቴ ተሸንፈዋል እኮ፤ እንዴት እኛ ሰባተኛ እነሱ አራተኛ?» ይላል። ሌላው «ዋንጫውን ስለበሉ ነዋ፣ ደደብ!» ይለዋል። ዴልበርት ብቻ ጠረጴዛውን አቀርቅሮ ያያል። ቀና ስል ማርሊስ በሩ ላይ ቆማለች።

አንዱ ቴሌቪዥኑን አጠፋው።

«ሰዓቱን አልቀይርም» አለች። ድምፅዋ ረጋ ያለ ነበር። «አዳራሹም ቄሱም የተያዙት ለዘጠኝ ነው። መምጣት የፈለገ ይመጣል።» ወደ አባቷ ዞር አለች። «አንተም ብትሆን፣ አባዬ። አልቀየምህም።»

አባቷ ከሠርጓ ለመቅረቱ ራሷን አዘጋጅታ ነበር የመጣችው።

ዴልበርት «እመጣለሁ እንጂ፣ ልጄ» አለ። እሷም እሺ ብላ ሄደች። እንዳላመነችው ከአካሄዷ ያስታውቅ ነበር።

በቀሩት ሁለት ሳምንታት የአገሩ ሰው ሁሉ ትኬት ፈላጊ ሆነ። ሆሊስ ራሱ፣ አሥራ ሁለቱን ሲራገም የኖረው ሆሊስ፣ «ዴልበርት፣ መቼም አትሄድበት፤ አንዱን ስጠኝ» አለው።

«አንተ አሥራ ሁለት አትወድ!»

«ሄጄ በአካል ልቃወመው ነዋ!»

«አልሰጥም።»

ሌሎችም ለመኑት። ጎረቤቱም፣ የሙሽራው አጎትም፣ የድሮ አለቃውም። ሁሉንም «አልሰጥም» አላቸው። ወሬው ቶሎ ተዛመተ፤ ሰውዬው ትኬቱን ካልሰጠ ሊሄድበት ነው ተባለ። እኔም ደሜ ፈላ።

«ዴልበርት፣ ትኬቶቹ የት ናቸው?» አልኩት፣ ሳህኑን ፊት ለፊቱ ጣል አድርጌ።

«ኪሴ ውስጥ።»

«ምን ያደርጉልሃል?»

«የኔ ናቸው።»

«ይሄን ናዲን ብትሰማ ምን ትል ነበር? አሁንም ፊትህን ተቀብተህ ልትመጣ ነው?»

ፊቱ ልውጥ አለ። ቁርሱን ሳይነካ ባርኔጣውን አንስቶ ወጣ። ተናዶ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

የሠርጉ ዕለት ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ኬኩን መኪናዬ ላይ ጭኜ ወጣሁ። በዴልበርት ቤት በኩል ሳልፍ ፒካፑ የለም። አውራ ጎዳናው ቀይ ባንዲራ በሰቀሉ መኪኖች ተሞልቷል፤ ሁሉም ወደ ሜዳው ነው። ከጠዋቱ ጀምረው ሜዳው ደጃፍ ሥጋቸውን ሊጠብሱ! «አይ ዴልበርት፣ አፈር ብላ! አፈር ያስበላህ!» እያልኩ፣ ብቻዬን እየጮህኩ ነዳሁ። ኬኩ ከኋላ ሲንገጫገጭ ይሰማኛል፤ ግድም አልሰጠኝ።

ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ስገባ ከዋርካ ከማያንሰው የኦክ ዛፍ ሥር አንድ ፒካፕ ቆሟል። መስተዋቱ ላይ ውርጭ አለ። ዴልበርት ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ከረባቱን እስከ ጉሮሮው አጥብቆ፣ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። የጥፍሩን ግራሶ እንኳን ፈቅፍቆ አጥፍቶታል።

በሩን ከፈትኩት። «ከስንት ሰዓት ጀምሮ ነው እዚህ ያለኸው?»

«ከአሥራ ሁለት።»

«ሠርጉ ዘጠኝ ሰዓት ነው እኮ፣ አንተ ጅል!»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ምን ትሠራለህ በዚህ ብርድ?»

«ባለፈው አርፍጄ ነበር፣ ኧርሊን» አለኝ።

የቱ ባለፈው ብዬ ልጠይቀው አፌን ከፈትኩና ገባኝ። ከጎኑ ገብቼ ተቀመጥኩ፤ ያን ሁሉ ስድብ አንስቼ ይቅርታ ጠየቅሁት። እሱ «ኬኩ ደህና ነው?» አለኝ። ኬኩ በአንድ ጎኑ ጠፍጥፏል፤ ሁለታችንም ወርደን በክሬም ጠጋገንነው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወንበሩ ግማሽ እንኳን አልሞላም። ከመጡትም ወንዶች ስንቱ ጆሮው ውስጥ ራዲዮ እንደሰካ እግዜር ይወቀው። ሆሊስ የፊተኛው ወንበር ላይ ነው፤ ጆሮው ባዶ መሆኑን ዞር ዞር እያለ አሳየኝ።

እናቷ ስለሌለች የማርሊስን የቀሚስ ዘርፍ የያዝኩት እኔ ነኝ። በስተኋላ ካለችው ክፍል ስንወጣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «መጥቷል?» አለችኝ።

«ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ፣ የኔ ልጅ።»

ቀና ስትል በሩ አጠገብ ቆሟል። ክንዱን ይሰጣታል ብዬ ስጠብቅ እጁን ወደ ደረት ኪሱ ሰደደና ሁለቱን ትኬቶች አወጣ።

«ይሄ የኔ ነው። ይሄ የእናትሽ» አላት። «እያቸው፣ አልተቀደዱም።»

«አባዬ! ለሚስተር ሆሊስ እንኳን ብትሰጠው…»

«ሆሊስ ከሄደበት ይቀደዳል፣ ልጄ። እኔ እንዳልሄድኩበት በምን ታውቂ ነበር?»

ማርሊስ አፏን በአበባው ሸፈነች። እኔማ ተውኝ፤ የያዝኩትን ዘርፍ እንባዬን ጠረግሁበት። እሱ ክንዱን ሰጣትና ገቡ። መሃል ላይ ሲደርሱ ከኋላ ወንበር አንዱ ባለራዲዮ ሳያስበው «ገባ!» ብሎ ጮኸ፤ ሰው ሁሉ ዞረ። ዴልበርት አልዞረም። ውጤቱን የነገርኩት እኔ ነኝ፤ ሰኞ ጠዋት፣ ገንፎውን ከበላ በኋላ።

አልበሙን በቀደም ማርሊስ አሳየችኝ። ናዲን ከለጠፈችው ትኬት ትይዩ ባለው ገጽ ሁለቱን አዳዲሶቹን ጎን ለጎን ለጥፋቸዋለች፤ ጠርዛቸው ድፍን ነው። ከሥራቸው በራሷ እጅ ጽሑፍ «አባቴ በዚህ ሰዓት እዚህ አልነበረም» ብላለች።