ግራ የገባው መጋዝ

መጋዙ ብረት ሲቆርጥ ወደ ግራ ይሄዳል። ኸይሩ ሊፈታው የተነሣው ችግር ይህ ብቻ ነበር። ቱቦውን በሞርሳ ጠፍሮ፣ በጠመኔ አስምሮ፣ ማሽኑን ያስነሣል። ምላጩ ከላይ ሲጀምር ልክ መሥመሩ ላይ ነው። እኩሌታው ላይ ሲደርስ ማዘንበል ይጀምራል፤ ከታች ሲወጣ ከመሥመሩ አንድ ጣት ያህል ርቋል።

ኸይሩ አሰላ ውስጥ፣ ከቤቱ ጓሮ ባለች የቆርቆሮ ክፍል የጋሪ አካልና የግቢ በር የሚሠራ ሰው ነው። አባቱ ማጭድ ሠሪ ነበሩ፤ ሞረድ አያያዝ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። ዐሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ብረት የቆረጠው በእጅ መጋዝ ነው። በ1965 ዓ.ም. ክረምት ግን ቀኝ ትከሻው እንቢ አለ፤ ሐኪሙም መርምሮት በእጅ መጋዝ መቁረጥ እንዲያቆም ነገረው፤ ኸይሩም በምትኩ ይህን የመጋዝ ማሽን ገዛ። ሁሩታ ሱቅ ያለው ታላቅ ወንድሙ ይህን ሲሰማ መጣና፣ «እንግዲህ ማሽኑ እስከ ዓረፋ ከሠራልህ ሠራልህ፤ ካልሆነ መጥተህ ከኔ ጋር ሱቅ ትቀመጣለህ» አለው። ኸይሩ ሱቅ አይንቅም። ግን ከባንኮኒ ኋላ ቁጭ ብሎ ሰው እስኪመጣ መጠበቅ ሲያስበው፣ ከትከሻው የባሰ ሌላ ቦታ ያመዋል።

ማሽኑ ወደ አገሩ ከተመለሰ ጣሊያናዊ መካኒክ የቀረ ነው። አሠራሩን ማወቅ ደስ ይላል። ሁለት ጎማ የሚያህሉ የብረት ክቦች አሉ፤ በእነሱ ላይ እንደ ቀበቶ ዞሮ የተበየደ ቀጭን ምላጭ ይሽከረከራል። ምላጩን የያዘው ክንድ በራሱ ክብደት ቀስ እያለ ብረቱ ላይ ይወርዳል። የሰው ሥራ ቆሞ ማየት ብቻ ነው። ምላጩ እንዳይወላገድ ደግሞ፣ ከመቁረጫው ግራና ቀኝ ሁለት ትናንሽ ኩሽኔታዎች አቅፈው ይይዙታል። አዲስ ምላጭ አሰላ ውስጥ ስለማይገኝ፣ ኸይሩ የደነዘዙትን አሮጌዎች እያወረደ በሞረድ ይስላቸዋል።

በማሽኑ መጀመሪያ የተቆረጠው ብረት ለቱሳ ጋሪ ነበር። ቱሳ ከአሰላ ሮቤ የሚመላለስ የአርሲ ሰው ነው፤ በዕድሜ ኸይሩን ይበልጠዋል። የብረቶቹ ጫፍ ሰያፍ ስለነበር ማዕዘኖቹ አልገጠሙም፤ ኸይሩ በብየዳ ሞላቸውና ጋሪው ወጣ። በሳምንቱ ቱሳ ፈረሱን ደጅ አሥሮ ገባ።

«ኸይሩ፣ ይሄን ጋሪ የሰጠኸኝ ምን አድርጌህ ነው? ፈረሴ ሮቤ እየሄደ ጋሪው ዲክሲስ መሄድ ይፈልጋል።»

«ኦቦ ቱሳ፣ ወላሂ መጋዙ ነው። እኔም ግራ ገባኝ።»

«አንተ ብቻ መሰለህ? እሱም ግራ ገብቶታል!» አለና ቱሳ በራሱ ቀልድ እስኪያስለው ሣቀ። ከዚያ ጋቢውን ጥሎ ሊያግዘው ቀረበ።

ያን ቀን የሆነው ነገር ለማንም ማሽን ነካኪ ትምህርት ነው። ኸይሩ ከማሽኑ ፊት ተንበርክኮ የኩሽኔታውን ብሎን ያዘ፤ ቱሳ ከማዶ ሆኖ ምላጩን ማየት ጀመረ። «ቢታ!» ይላል ቱሳ፤ በኦሮምኛ ግራ ማለት ነው። ኸይሩ ወደ ግራ ያዞራል። «ቢታ አልኩህ እኮ!» ኸይሩ አሁንም ወደ ግራ ይጨምራል። ይቆርጣሉ፤ የባሰ ያዘነብላል። ግማሽ ቀን ከለፉ በኋላ ኸይሩ ቀና ብሎ ማዶ የቆመውን ሰው አየና ብሎኑን ለቀቀው።

«የማን ግራ ነው እስካሁን የሚሉኝ?»

«የኔ ነዋ! እዚህ የቆምኩት እኔ አይደለሁ?»

ከዚያ ወዲህ ቱሳ ከማሽኑ አንድ ወገን፣ ከኸይሩ ኋላ ብቻ እንዲቆም ተስማሙ። ግራና ቀኙ ታረቀ፤ መጋዙ ግን አልታረቀም። ኸይሩ ምላጩን አጠበቀ፣ የክንዱን ክብደት ቀነሰ፣ ኩሽኔታ ቀየረ፤ ሦስቱንም በአንድ ጧት። ቁርጡ ትንሽ ተሻለ፣ ከሰዓት በኋላ መልሶ ከፋ። የትኛው እንደጠቀመ፣ የትኛው እንደጎዳ ማን ይወቅ?

መላውን ያመጣችው ባለቤቱ አስያ ናት። «አንተ ሰውዬ፣ ወጥ ሳይጥም ሲቀር ጨውም በርበሬም ቅቤም አንድ ላይ ትጨምራለህ?» አለችው። «አንዱን ጨምር፣ ቅመስ።» በዚያው ቀን ከቱቦ ላይ ቀጭን ቀለበት እየቆረጡ፣ ለአንድ ቀለበት አንድ ለውጥ ብቻ እንዲያደርጉ ወሰኑ። አስያ ቀለበቶቹን በተራቸው በሲባጎ ሰክታ ግድግዳው ላይ ሰቀለቻቸው፤ የተለወጠውንም ከጎን በጠመኔ ጻፈች። ሲባጎው ሠላሳ አንድ ቀለበት ሲሞላ አንድ ነገር ግልጽ ሆነ። ጠበቀ ላላ፣ ከበደ ቀለለ፣ ሁሉም ቀለበት በግራው በኩል ሰያፍ ነው። ማነሱና መብዛቱ እንጂ አቅጣጫው አንድ ጊዜም አልተለወጠም።

«እንግዲያው ጥፋቱ ማሽኑ ላይ አይደለም» አለ ኸይሩ። «ታዲያ ምኑ ላይ ነው?» አለች አስያ። ኸይሩ ምላጩን ፈትቶ አወረደው።

አስያ የወረደውን ምላጭ ዘይቱን ልትጠርግለት አሮጌ ጨርቅ አነሣች። በቀኝ ፊቱ ጨርቁ ሸተት ብሎ አለፈ። በግራ ፊቱ ስትመልሰው እየተያዘ ክሩ ተመዘዘ። ደግማ ሞከረች።

«በዚህ በኩል ይነክሳል፣ በዚያኛው አይነክስም። ስትስለው እንዴት አድርገህ ነው?»

ኸይሩ ሞረዱን አንሥቶ አሳያት፤ እያሳያትም ገባው። የመጋዝ ጥርሶች አንዱ ወደ ግራ፣ አንዱ ወደ ቀኝ ትንሽ ዘንበል ያሉ ናቸው፤ ሁለቱም ወገን እኩል ሲሳል ምላጩ መሐሉን ይዞ ይሄዳል። ኸይሩ ግን የማጭድ ሠሪ ልጅ ነው። የማጭድ ጥርስ የሚሞረደው ከአንድ ፊት ብቻ ነው፤ ሌላው ፊት ለስላሳ ሆኖ በአገዳው ላይ መንሸራተት አለበት። እጁ ከልጅነቱ የለመደው ይህንኑ ነው። የመጋዙንም ጥርስ ሁሉ ከቀኝ ወደ ግራ ሲሞርድ ኖሯል። ሞረዱ የሚገፋው ስል ከንፈር ሁሉ በግራ በኩል ተከማችቷል። ምላጩም ስለቱ ወዳለበት ይሄዳል።

«አራት ወር ሙሉ» አለ ኸይሩ፣ «ብረት በማጭድ ሳጭድ ከረምኩ!»

አሁን ጊዜው ኅዳር 1966 ነው፤ ዓረፋ ወር ከሳምንት ቀርቶታል። ኸይሩ አንዱን ጥርስ ከቀኝ፣ ቀጣዩን ከግራ እየሞረደ አንድ ምላጭ ጨረሰና ሠላሳ ሁለተኛውን ቀለበት ቆረጠ። ሰያፉ ወደ ሩብ ወረደ፤ ግን ወደ ቀኝ ነው! እንደገና ግራ ገባው። ምላጩን በጨርቅ ዙሪያውን ሲዳስስ ምክንያቱን አገኘው፤ አንድ ክንድ በሚያህል ቦታ ላይ ጥርሱ በሙሉ ከግራ ብቻ ተሞርዷል። ቱሳ መጥቶ ስለ ገብሱ አጨዳ ያወራው ያኔ ነው፤ እጁ ቆጠራውን ስቶ እንደ ልማዱ በነበረበት ወገን ብቻ ቀርቷል፤ ያ ደግሞ በዚያን ጊዜ ግራው ነበር።

ምላጩ አምስት መቶ ስድሳ ጥርስ አለው። ዛሬ ጧት ኸይሩ ከመጀመሪያው ጀምሯል። ጮክ ብሎ ነው የሚቆጥረው፤ ቃሉንም ከቱሳ ወስዶታል። «ቢታ» ይልና ይሞርዳል፤ «ሚርጋ» ይልና ምላጩን ተሻግሮ ከቀኝ ይሞርዳል። ሃያ በሞላ ቁጥር አስያ ጠመኔ ታስነካለታለች። ትከሻው ለሞረድ እንቢ አላለም። ቱሳ ደጅ ላይ ቆሟል፤ ሰላምታውን ውጦ፣ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ።

«ቢታ» ይላል ኸይሩ። «ሚርጋ። ቢታ።» ሦስት መቶ አርባ ላይ ደርሷል።