የአባባ ያህያ መጽሐፍ በሦስት አፍ

ልጅ እያለሁ ትልልቅ ሰዎች አንድ ሥራ አምነው ሰጡኝ፤ መልሰው ደግሞ እነሱው አበላሹብኝ። ይኸው ጸጉሬ ሸብቶ እንኳ ነገሩ ትዝ ሲለኝ ያንገበግበኛል። እኩዮቼ ታውቁታላችሁ፤ በእኛ ጊዜ ልጅ የሚናገረው ሲጠየቅ ነው፣ ሲጠየቅም የሚጠበቅበትን ብቻ ነው።

ቤታችን ሐረር፣ ከኤረር በር ገባ ብሎ ነበር። አባዬ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነው፤ ቄስ ትምህርት ቤት ያደገ፣ ጾም የማያጓድል። ከግቢያችን ጀርባ አባባ ያህያ የምንላቸው የየመን አይሁዳዊ ብር ይሠሩ ነበር። ሚስታቸው ሞተውባቸዋል፣ ልጅ አልወለዱም። ብሩን በሎሚ ስለሚያጥቡት ሱቃቸው ሁልጊዜ ከሰልና ሎሚ ይሸት ነበር። ፈረንሳይኛ ከሚያስተምሩን ሲስተሮች ትምህርት ቤት ስመለስ እዚያው ተጎልቼ ስለማመሽ ዓረብኛ ለመድኩ። መናገሩ ላይ ደካማ ነኝ፤ መስማቱ ግን አንድ ቃል አያመልጠኝም።

አባባ ያህያ ከአያታቸው የወረሱት፣ ስለ ፈጣሪ ምስጢር የሚናገር የዕብራይስጥ መጽሐፍ ነበራቸው። ዋናው ነገር መጽሐፉ አልነበረም፤ ትርጓሜው ነው። ልክ የእኛ መምህራን ትርጓሜን በቃል እንደሚያወርዱት፣ አያታቸው ለእሳቸው በቃል ነግረዋቸዋል። ወገኖቻቸው ሁሉ ወደ ኢየሩሳሌም ሲሄዱ እሳቸው ደረታቸውን ስለሚያማቸው ቀሩ። «እኔ ስሞት የአያቴ ቃል አብሮኝ ይቀበራል» ይሉ ነበር። ሌላ ጭንቀት አልነበራቸውም።

ታዲያ አንድ ዓመት የብራና መጻሕፍት የሚያጠና ፈረንሳዊ ምሁር ሐረር መጣ። ሁላችንም «ሙሴው» ነበር የምንለው። የዕብራይስጡን ፊደል ያነባል፤ ዓረብኛም አማርኛም ግን አያውቅም። ትርጓሜውን ከሰማ አገሩ ወስዶ እንደሚያሳትመው ቃል ገባ። የአባባ ያህያ አማርኛ ከብር ዋጋ አያልፍም። እኔ ከዓረብኛው በቀጥታ ወደ ፈረንሳይኛ ላድርገው ብል፣ አንዲት ልጅ ብቻዋን የሃይማኖት ነገር ታስተረጉማለች ወይ ተባለና ሐጂ ዩኒስ መሀል ገቡ።

የተሰበሰብነው ጊደር መጋላ ገበያ አጠገብ በሐጂ ቤት ነው። ሐጂ እህል ነጋዴ ናቸው፣ ዓረብኛቸውም የተመሰገነ። ቀይ በተቀባው መደብ ላይ እንደየደረጃችን ተቀመጥን። የቡና ገለባ በወተት የተፈላበት ሆጃ ሄል ሄል እየሸተተ ይመጣል፣ ሐጂ ጫታቸውን ይቀነጥባሉ። አባባ ያህያ አንብበው በዓረብኛ ያብራራሉ፣ ሐጂ ወደ አማርኛ ያመጡታል፣ እኔ ወደ ፈረንሳይኛ። አባዬም ሴት ልጁን ወንዶች መሀል ብቻዋን ስለማይተው ከጎኔ አለ።

አባባ ያህያ እንዲህ አሉ፦ ፈጣሪ ዓለምን ሊፈጥር ሲያስብ ባዶ ቦታ አልነበረም፤ ሁሉን እሱ ሞልቶታል። ስለዚህ እንግዳ ሲገባ ጉልበቱን ሰብስቦ ጠጋ እንደሚል ሰው፣ ራሱን ሰበሰበ። መጀመሪያ የፈጠረው ቦታን ነው። ለሌላው ጠጋ የሚል ሁሉ ያንን የመጀመሪያ ሥራ ይሠራል። ይህን ስሰማ ሰውነቴን ውርር አደረገኝ።

ሐጂ ጢማቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጉና «አላህ ታላቅ ነው፤ ዓለምን ያለ ድካም ፈጠረ ይላል» አሉ። ክፉ ሰው ሆነው አይደለም። አላህ ተሰበሰበ የሚል ቃል ከአፋቸው ቢወጣ መላእክት የሚጽፉባቸው ይመስላቸዋል። አባዬ ደግሞ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብሎ «በሥላሴነቱ ፈጠረ በይው» አለኝ። ሥላሴን ከአይሁድ መጽሐፍ ውስጥ! አሁን ሲያወሩት ያስቃል፤ ያኔ ግን እንባዬ ነው የመጣው። ሳምንቱን ሙሉ እንዲሁ ሆነ። አባባ ያህያ ማር ያወርዳሉ፣ ሙሴው ጋ ሲደርስ ውሃ ነው።

በመጨረሻው ቀን ሙሴው እርሳሱን አስቀመጠና «ይሄማ በየትኛውም የጸሎት መጽሐፍ አለ» አለኝ በፈረንሳይኛ። አላስቻለኝም። ጠጋ ስለሚለው ሰው፣ ስለ ቦታው፣ ሁሉንም ዘረገፍኩለት። ሰውየው ዓይኑ በራ፤ እርሳሱን አንስቶ «ድገሚልኝ» አለ።

አባዬ ፈረንሳይኛ ባያውቅም ፊት ማንበብ ያውቃል። «ምን አልሽው?» አለኝ። ነገርኩት።

ሐጂ «አስተግፊሩላህ፣ እኔ እንዲህ ያለ ቃል አልወጣኝም» አሉ።

«እርስዎ አላሉም ሐጂ፣ አባባ ያህያ ናቸው ያሉት።»

የሰው ሆጃ እየጠጣን በገዛ ቤታቸው ውሸታም አደረግኋቸው ማለት ነው። አባዬ ክንዴን ጨምድዶ ያዘና «ሐጂን ልታዋርጂያቸው ነው? ተሳስቼ ነው በይው! አሁኑኑ!» አለ። «እውነቱን ነው እኮ ያልኩት፣ አባዬ!» አልኩ። ማን ሊሰማኝ። ክንዴን እንዲለቀኝ ብዬ ሙሴውን ተሳስቼ ነው አልኩት። እሱም የጻፈውን ሰረዘና ደብተሩን ዘጋ። አባባ ያህያ ጆሯቸው ከመዶሻው ብዛት ስለደከመ ይህን ሁሉ አልሰሙም፤ ፈገግ ብለው ያዩን ነበር።

ሙሴው በማግስቱ ወደ ድሬዳዋ ወርዶ ባቡር ያዘ። አባባ ያህያ ሱቃቸው ጠርተውኝ፣ ሎሚ በሚሸተው እጃቸው ራሴን ይዘው መረቁኝ። «ያ ቢንቲ፣ ልጄ፣ አሁን ብሞት ግድ የለኝም። የአያቴ ቃል ባሕር ተሻገረ» አሉኝ። ሙሴው መሰረዙን ሳልነግራቸው እጃቸውን ስሜ ወጣሁ። በዚያው ክረምት አረፉ።

ኋላ ፈረንሳይኛ አስተማሪ ሆኜ ሳነብ፣ ፈጣሪ ራሱን ሰበሰበ የሚለው ነገር በአውሮፓ ምሁራን ዘንድ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ መሆኑን ደረስኩበት። እንዲህ ያሉ የአይሁድ የምስጢር መጻሕፍት ወደ ላቲን ሲመለሱም አንዳንድ ተርጓሚዎች ጌቶቻቸውን ደስ ለማሰኘት ክርስትናን ሸጎጥ ያደርጉባቸው ነበር አሉ። አይ አባዬ፣ ለካ ጓደኞች ነበሩህ! ጉልበቱን ሰብስቦ ጠጋ የሚለውን ሰው ግን የትም አላገኘሁትም፤ እሱ የአባባ ያህያ አያት የብቻቸው ቃል ነው።

ዛሬ የልጅ ልጆቼ ያሰቡትን ፊት ለፊት ይናገራሉ፣ ክንዳቸውን የሚጨመድድ የለም። እሰየው ነው። እኔም በፈለግኩት ቋንቋ ብናገረው ማንም አይቆጣኝም፤ አባዬም ሐጂም አፈር ከሆኑ ቆዩ። እነሱን እንኳ ከጊዜ ብዛት ይቅር ብያቸዋለሁ። አሁንም አልዋጥልሽ ያለኝ፣ አባባ ያህያ አመስግነውኝ መሞታቸው ነው።