ከቢቸና የተላከው ፍላሽ

እኔ ሞጣ፣ ጓደኛዬ ጌትነት ቢቸና ሆነን ለአንድ የግል ትምህርት ቤት የተማሪ ውጤት የሚመዘግብ ፕሮግራም እየሠራን ነው። ኮዱን የምንጋራው ጊት በሚባል የለውጥ መዝጋቢ ስለሆነ ማን ምን እንደቀየረ ይታያል፤ የጻፍነው አይጠፋብንም። ፕሮግራሙ የትም ኮምፒውተር ላይ ሳያስቸግር እንዲነሳም ከሚያስፈልገው ሁሉ ጋር ኮንቴይነር በሚሉት የሶፍትዌር ጥቅል አሽገነዋል። የቀረን ነገር ቢኖር ኢንተርኔት ነው፤ ለርእሰ መምህሩ በምናሳይበት ቀን ጭራሽ ተቋረጠ።

ጌትነት የመጨረሻውን ሥራ በፍላሽ ገልብጦ፣ ሰው ሁሉ ዕቃ እንደሚልከው፣ ለሚኒባስ ሹፌር ሰጠልኝ። እኔ መናኸሪያ ቆሜ እጠብቃለሁ። መኪናው መድረስ ከነበረበት ሰዓት ዘግይቷል።

ርእሰ መምህሩ ደወሉ። "መምህራኑ ተሰብስበዋል፤ የት ነህ?"

"እየመጣሁ ነው!" አልኩ፤ ከቆምኩበት ሳልነቃነቅ። ሚኒባስ በገባ ቁጥር እሮጣለሁ፤ የኛው አይደለም። እንደገና ደወሉ። አላነሳሁም።

በስንት መከራ መጣ። ሹፌሩ ጋሽ አያሌው ፈገግ እንዳሉ ወረዱ።

"ጋሼ፣ ምነው እንዲህ ቆዩ?"

"ለማን ብዬ ቆየሁና!" ፍላሹን እጄ ላይ አኖሩልኝ። "መንገዱ እንዳይሰለቸን መኪናው ላይ ብሰካው አንድ ዘፈን የለበትም። አሳዘንከኝ። ግንደወይን ላይ ሙዚቃ ቤት ገባሁና ያን የማይከፈት ኮተት ሁሉ አስጠፍቼ፣ ዘፈን በዘፈን አስደረግሁልህ!"