የላውንድሪው ክፍል ሊቀ ተንኮል

ባለፈው ሳምንት ዴንቨር አጠገብ እንግልውድ ውስጥ ከምሠራበት ሆስፒታል ጀርባ መኪናዬን አቁሜ ስወርድ፣ ከግድግዳው ብቅ ያለ ሰፊ ቱቦ ትኩስ እንፋሎት ፊቴ ላይ ተነፈሰብኝ። አንሶላ የሚደርቅበት ክፍል መሆኑን የነገረኝ ሽታው ነው፤ የሳሙና፣ የሞቀ ጥጥ፣ ትንሽም የተለበለበ ብናኝ ሽታ። ሥራ እንደሚረፍድብኝ እያወቅኩ፣ በረዶው ጫማዬን እያራሰው እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ጋሽ ርእሶም ታወሱኝ።

ያኔ የምንኖረው ዴንቨርና አውሮራ በሚገናኙበት፣ ሎውሪ በሚባል ሰፈር ጠርዝ ላይ ባለ የቡናማ ጡብ አፓርትመንት ነበር። እኔ አሥር ዓመቴ ነው። እናቴ ጥሩነሽ በአረጋውያን መጦሪያ ረዳት ነርስ ሆና ደብል፣ ሁለት ፈረቃ በተከታታይ፣ ትሠራለች። ከትምህርት ቤት ስመለስ ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው፤ ቤቱ ግን ጭር ያለና ቀዝቃዛ ስለሆነ መግባት ያስጠላኛል። ምድር ቤት ያለው የልብስ ማጠቢያ ክፍል ግን ሁልጊዜ ሞቃት ነው፣ ሁልጊዜም ጋሽ ርእሶም አይጠፉበትም።

ጋሽ ርእሶም ኤርትራዊ ናቸው። አዲስ አበባ ተምረው ስላደጉ አማርኛቸው ከእናቴ አማርኛ የጠራ ነበር፤ ይህን ለእናቴ ነግሬያት ለሁለት ቀን አኩርፋኛለች። ማለዳ ኤርፖርት መንገደኛ ከመኪና ማቆሚያው የሚያመላልስ ሻትል ይነዳሉ፣ ከቀትር በኋላ ደግሞ ልብሳቸውን ይዘው ይወርዳሉ። ብቻቸውን የሚኖሩ ሰው ያን ሁሉ የሚታጠብ ልብስ ከየት እንደሚያመጡት ይገርመን ነበር። አሁን ሳስበው ንጹሑን እየደገሙ ያጥቡት ነበር መሰለኝ፤ ልጆች ብቻችንን እንዳንሆን።

“ልጆች” የምለው እኔን፣ ሜሮንን፣ እና ሊዲያን ነው። ሊዲያ ፎቅ ላይ የምትኖር፣ እዚሁ አሜሪካ የተወለደች፣ አማርኛው ሁሉ የሚገባት፣ ስትመልስ ግን ግማሹን በእንግሊዝኛ የምትመልስ ጓደኛዬ ናት። አባቷ ትራክ ይነዳል፤ ሳምንት ሁለት ሳምንት ይጠፋል። እናቷ እትዬ አስቴር ደግሞ ከእናቴ ጋር አንድ ቦታ ትሠራለች። ከባዱን በሽተኛ “አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት” ብለው ለሁለት ያነሳሉ፣ በአንድ መኪና ይመላለሳሉ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እናቴ የእትዬ አስቴርን ፀጉር ትሠራለች። እኛም እህትማማች ነን ብለን ትምህርት ቤት አስወርተን ነበር።

ጋሽ ርእሶም ከልብሱ ሥር ይዘውት የሚወርዱት የፕላስቲክ ከረጢት አለ። ውስጡ በወጣትነታቸው ሕንድ አገር፣ ፑኔ ከተማ ሲማሩ ባቡር ጣቢያ እየገዙ ያጠራቀሟቸው የሥዕል መጻሕፍት ናቸው። ወረቀቱ ብዙ ጊዜ እንደታጠበ ሻሽ ለስልሷል። ቀለሙ ከመስመሩ ስላለፈ የጀግናው ቀይ ከንፈር አገጩ ላይ ነው የታተመው። ስንገልጠው የተዘጋ ሣጥን ሽታ ይወጣና ከማድረቂያው ሙቀት ጋር ይቀላቀላል። ጽሑፉ ሁሉ ሂንዲ ነው፤ ጋሽ ርእሶም መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ ዝቅ አድርገው በአማርኛ ያነቡልናል።

ጀግናውን መብረቁ ብለውታል። ሰማያዊ ጥብቅ ልብስና የወርቅ ቀበቶ አለው፤ እናቶቻችን ቢያዩት “ምነው ሱሪ ቢለብስ” የሚሉት ዓይነት። ባቡር በአንድ እጁ ያቆማል፣ ድልድይ በትከሻው ይደግፋል። እኛ ግን የምንወደው ጠላቱን ነበር። ጋሽ ርእሶም “ሊቀ ተንኮል” የሚል ማዕረግ ሰጥተውታል። ቀጭን ነው፣ ራሰ በራ ነው፣ በቀለም የተሠመረች የምትመስል ጢም አለችው፣ ፀሐይም ሆነ ዝናብ ጃንጥላውን አይጥልም። መብረቁ ሲያናግረው “እርስዎ” ነው የሚለው፤ “አባቴ፣ እባክዎ ከተማዋን አያፈንዱብን” እያለ ይለምነዋል።

ሊዲያ አልተዋጠላትም። “ጋሼ፣ ሂ ኢዝ ዘ ባድ ጋይ!”

“ቢሆንስ?” አሉ ጋሽ ርእሶም። “በዕድሜ ይበልጠዋል።”

ሊቀ ተንኮል ቦምብም ሽጉጥም አያስፈልገውም። ሥራው ጃንጥላውን ይዞ ከቤት ወደ ቤት መሄድ ነው። አንዱ ዘንድ ገብቶ “ጎረቤትህ ስላንተ እንዲህ አለ” ይላል፤ ከዚያ ወጥቶ ጎረቤትየው ዘንድ ይገባል። በሦስተኛው ገጽ ከተማው በሙሉ ተኳርፎ ዳቦ የሚጋግር፣ ባቡር የሚነዳ ሰው ይጠፋል። መብረቁ መሀል አደባባይ ቆሞ ጡንቻውን ያያል፤ ማንን እንደሚመታ አያውቅም።

ይህን ታሪክ መቼ እንደጀመሩልን ደህና አድርጌ አስታውሳለሁ፤ እናቶቻችን በተኳረፉበት ሳምንት ነው። አንድ ክርስትና ላይ የሆነ ሰው ለእናቴ “አስቴር ‘ጥሩነሽ ልጇን ላውንድሪ ቤት ጥላ ገንዘብ ታሳድዳለች’ አለች” ብሎ ነገራት። ለእትዬ አስቴርም የሆነ ሰው “ጥሩነሽ ‘የአስቴር ባል ትራክ የሚነዳው ከሷ ለመሸሽ ነው’ አለች” አላት። ማን እንዳቀበለ እስከ ዛሬ አልታወቀም። እናቴ በዚያ ቀን ሳህን ስታጥብ አመሸች፤ የታጠበውንም ደግማ አጠበችው። ከዚያ ወዲያ ሆድና ጀርባ ሆኑ። በየመኪናቸው መሄድ ጀመሩ፣ ሥራ ቦታም ፈረቃቸውን አስቀየሩ። እናቴ ከሌላ ሰው ጋር በሽተኛ እያነሳች ወገቧን ያዛት። እትዬ አስቴር ቤት ውስጥ ሳይቀር የሱፍ ኮፍያ አድርጋ መዋል ጀመረች።

ይህ ሁሉ የትልልቆች ጉዳይ ሆኖ ቢቀር ባልከፋ። ግን እትዬ አስቴር ለሊዲያ “የቤት ኪራይ ኮንትራታችን በፋሲካ ሰሞን ሲያልቅ ሴንቴኒያል እንገባለን፤ እዚህ ማንንም ማየት አልፈልግም፣ አንቺም እነሱ ቤት እግርሽ እንዳይደርስ” አለቻት። ሊዲያ ይህን የነገረችኝ እያለቀሰች ነው። ትምህርት ቤት ከሷ ሌላ ጓደኛ አልነበረኝም። እንግሊዝኛዬ ገና ስለነበር ልጆቹ ሲስቁብኝ የምትመልስልኝ እሷ ነበረች። ሴንቴኒያል ደግሞ በመኪና ግማሽ ሰዓት ብትሆንም ያኔ ለእኔ ከአገር ውጭ ነው።

ጋሽ ርእሶምን ያጋለጥናቸው በዚያው ሰሞን ነው። ከእናቶቻችን ተደብቀን የምንገናኝበት ቦታ ላውንድሪው ብቻ ስለነበር ማንበቡ ቀጥሏል። አንድ ቀን ሥዕሉ ላይ ያለ ሌላ ጢማም ሰውዬን የመብረቁ አጎት አደረጉት፤ በሳምንቱ ያንኑ ገጽ ገልጠው የባቡር ጣቢያው ኃላፊ አደረጉት። ሊዲያ በክርኗ ነካችኝ። በማግስቱ መጽሐፉን ቦርሳዬ ውስጥ ከትተን ትምህርት ቤት ወሰድነው። ክፍላችን ውስጥ ሱሚትራ የምትባል የኔፓል ልጅ ነበረች፤ ፊደሉን ታነባለች፣ ሂንዲውንም ከፊልም ለምዳዋለች። ምሳ ላይ ጣቷን እያስኬደች አነበበችልን። ባለ ጃንጥላው ሰውዬ ትልቅ አልማዝ ይሰርቃል፣ መብረቁ ይደበድበዋል፣ አለቀ። ወሬ ማቀበል የለ፣ መኳረፍ የለ፣ “አባቴ” የሚልም ቃል የለ።

ፊታችንን አኮሳትረን ወረድን። ጋሽ ርእሶም የትራስ ልብስ እያጠፉ ነበር። ክሱን ከሰሙ በኋላ መነጽራቸውን አወለቁ፤ የተያዘ ሰው ድንጋጤ ግን ፊታቸው ላይ አልነበረም።

“እኔ ፑኔ የተማርኩት ሒሳብ ነው፣ በእንግሊዝኛ። ሂንዲዬ ሻይ ከማዘዝ አያልፍም” አሉ። “ሥዕሉን ነው የማነበው። እስቲ ይሄን ፊት እዩት። ይሄ ሰው አልማዝ ፍለጋ ጣሪያ ላይ ሲንጠላጠል ያድራል? ይሄ ቁጭ ብሎ ሰው የሚያጣላ ፊት ነው።”

አየነው። እውነታቸውን ነው። ሊዲያ “ጋሼ፣ ሊቀ ተንኮል የሚሠራውን ሪቨርስ ብናደርገውስ?” አለች። “ላይክ... ጥሩ ነገር ይዘን ብንሄድ? ለማሚ፣ ለሜሮን እናት?”

ጋሽ ርእሶም የትራስ ልብሱን ዘርግተው እንደገና ማጠፍ ጀመሩ። “እኔ አልሰማሁም” አሉ። ዞር ብለው ግን፣ ለእኛ ሳይሆን ለማሽኑ የሚናገሩ መስለው፣ “ሊቀ ተንኮል ብሆን ‘ይቅርታ ጠየቀችሽ’፣ ‘አለቀሰችልሽ’ አልልም፤ ወዲያው ይነቃበታል። ትንሽ ነገር ነው የምይዘው። ብትባል ኖሮ የምታምር፣ ትንሽ ነገር” አሉ።

ሊዲያ ለእናቷ “ጥሩነሽ ‘እንደ አስቴር አድርጎ በሽተኛ የሚያነሳልኝ ሰው አላገኘሁም’ አለች” ልትላት ተስማማን። እኔ በበኩሌ እናቴ እግሯን ሙቅ ውኃ ውስጥ ነክራ ተቀምጣ ሳለ ጠጋ አልኳት።

“እማዬ፣ እትዬ አስቴር ‘ከጥሩነሽ እጅ ሌላ ፀጉሬን የሚነካው የለም’ ብላለች።”

“ለማን?”

“ለሊዲያ።”

“ምን እያደረገች?”

ይህን አላሰብንበትም ነበር። “ፓስታ እየበላች” አልኩ።

እናቴ ቀና ብላ አየችኝ። “አስቴር ፓስታ አትወድም” አለችና እግሯን ማሸት ቀጠለች። ወደ መኝታ ቤት ገብቼ ትራሴ ውስጥ ተቀበርኩ። አበላሸሁት፣ ሊዲያን በገዛ አፌ ወደ ሴንቴኒያል ሸኘኋት ብዬ አለቀስኩ።

የዚያን ቅዳሜ እናቴ ቅርጫት ይዛ “ነይ ልብስ እንጠብ” አለችኝ። ቅርጫቱ ውስጥ የነበረው አንድ ንጹሕ ፎጣ ነው፣ ከፎጣው ሥር ማበጠሪያና ቅባት። ወረድን። ጋሽ ርእሶምና ሊዲያ ቀድመውናል። እትዬ አስቴር ማድረቂያው አጠገብ ካለው የፕላስቲክ ወንበር ላይ ኮፍያዋን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ተቀምጣለች። ማንም ማንንም ሰላም አላለም። ጋሽ ርእሶም ገና ውኃ ሞልቶ የሚሽከረከር ልብሳቸውን ትተው “እነዚህ ልጆች አየር ያስፈልጋቸዋል” ብለው እኔንና ሊዲያን በየእጃችን ይዘው አወጡን።

በረዶ ላይ ቆመን ላብ በደፈነው ትንሽ መስኮት አጮልቀን አየን። በመጀመሪያ የሚታየው ሁለት የማይንቀሳቀስ ጥላ ብቻ ነበር። ኋላ አንደኛው ተነሥቶ ከሌላኛው ጀርባ ቆመ፣ ክንዶቹም መሥራት ጀመሩ። ሊዲያ እጄን በጣም ጨበጠችኝ። ምን እንደተባባሉ አልሰማንም፣ ኋላም አልነገሩንም። ብርዱ ሲጠናብን ጋሽ ርእሶም ካፖርታቸውን ገልጠው ሁለታችንንም አስገቡን። ስንመለስ የሁለቱም ዓይን ቀልቷል። እትዬ አስቴር ግማሽ ጭንቅላቷ ተሠርቶ፣ ግማሹ ቆሞ “ጋሽ ርእሶም፣ ማሽንዎ እኮ ጨርሷል” አለቻቸው።

ሴንቴኒያል መሄዳቸው ግን አልቀረም፤ የአዲሱን ቤት ውል አስቀድማ ፈርማ ነበር። በፋሲካ ሰሞን የሚጫነውን ፍራሽ ከፎቅ እናቴና እትዬ አስቴር ናቸው ለሁለት ያወረዱት። ትምህርት ቤት ለብቻዬ ቀረሁ፣ እንግሊዝኛውንም እየወደቅኩ እየተነሳሁ ለመድኩት። ሊዲያ ግን በየሳምንቱ መጨረሻ ወይ እኛ ቤት ናት ወይ እኔ እነሱ ዘንድ ነኝ። ዛሬም የልጇ ክርስትና እናት እኔ ነኝ።

ዓምና እናቴን ከሐኪም ቤት እያመጣኋት ሳለ ጠየቅኋት። “ያኔ አምነሽኝ ነበር?”

“ምን አምንሻለሁ!” ብላ ሳቀች። “አስቴር ሰው አታመሰግንም፣ ዛሬም አታመሰግንም። እሷም ብትሆን ልጇ ስትዋሽ ታውቃለች።”

“ታዲያ ለምን ወረድሽ?”

ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። “መታረቁንማ እፈልግ ነበር” አለችኝ። “ምክንያት ነበር ያጣሁት።”

ጋሽ ርእሶም አሁን ሲያትል ልጃቸው ዘንድ ናቸው። ያ የእንፋሎት ሽታ ቀኑን ሙሉ ከአፍንጫዬ ስላልጠፋ ማታ ከሥራ ስወጣ ደወልኩላቸው። ድምፃቸው ሳስቷል፤ ቀልዳቸው ግን እንዳለ ነው። የእናቴን መልስ ነገርኳቸው። እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ። 

“ምክንያት” አሉ ሳቁ ሲበርድላቸው። “እውነቷን ነው። እኔም ወንድም አለኝ፣ ዳላስ ነው የሚኖረው። ልጅ ሳለን በአንድ አልጋ ነበር የምንተኛው። ከተነጋገርን ስንት ዘመናችን። ማን ይጀምር ነው ነገሩ።”

ወንድም እንዳላቸው የሰማሁት ገና ያን ጊዜ ነው። ስሙን አላውቅም፣ መልኩን አላውቅም፤ አለማወቄን ደግሞ እሳቸው ከማንም በላይ ያውቃሉ። መኪናዬ ውስጥ ተቀምጬ ስልኩን ወደ ጆሮዬ አስጠጋሁት።

“ጋሼ” አልኳቸው፣ “ወንድምዎ ስለ እርስዎ ምን እንዳለ ሰምተዋል?”

ከኋላቸው ቴሌቪዥን ይሰማ ነበር። አንድ ሰው ዘጋው፣ ወንበርም ሲሳብ ሰማሁ።

“ምን አለ?” አሉኝ። “ንገሪኝ እስቲ።”