ከቡልቡላ ወደ ቡልቡላ

ለልጄ የገባሁላት ቃል ቀላል ነበር። ከአዳማ ሻሸመኔ ድረስ በብስክሌት እመጣለሁ፤ መኪና ላይ ከወጣሁ ብስክሌቱን ለወንድምሽ ሰጥቼ ቤቴ እቀመጣለሁ፤ ካልወጣሁ ግን ስለ ዕድሜዬ ዳግመኛ አፍሽን አትከፍቺም። «እሺ አባዬ፣ መኪና ላይ ከወጣህ ግን አለቀ» አለች። እልኸኛ ናት፤ ከማን ወረሰችው አትበሉኝ።

ወንጂ ሸንኮራ ስቆርጥ የኖርኩት በብስክሌት እየተመላለስኩ ነው። እዚያ ሽማግሌ ብስክሌት ቢነዳ ዞሮ የሚያይ የለም። ከሞጆ ወዲህ ግን ሰው ሁሉ ያዝንልኛል። መቂ ላይ አንዷ «የመሳፈሪያ አጥተው ነው?» ብላ ውሃ ሰጠችኝ። ውሃው ወረደ፣ ሐዘኔታው ጉሮሮዬ ላይ ቀረ።

በማግስቱ ከዝዋይ ስነሳ ነፋስ ከፊት ተቀበለኝ። ደረቅ፣ አቧራ ያዘለ፣ ደረት ይዞ የሚገፋ። ቁልቁለት ላይ እንኳ ፔዳል ካልመታሁ ብስክሌቱ ይቆማል። ቡልቡላ የደረስኩት በአቧራ ነጥቼ ነው። ግራር ስር የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን አነሱ። ሰላምታ ዘሎ መሄድ አይቻልም፤ ወረድኩ።

«አካም ጂርታ? ወዴት ነው?»

«ሻሸመኔ፣ ልጄ ጋ።»

«በዚህ?» ብስክሌቱን በከዘራቸው ነካ አደረጉት፤ የታመመ በግ እንደሚነካ።

«በዚህ ነው አባባ። ፈልጌ ነው።»

«ፈልጎ እንዲህ የሚሆን ሰው የለም።»

ነገሩን ላስረዳቸው ሞከርኩ። ማን ሊሰማኝ! አስፋልቱ መሃል ገብተው አይሱዙ አስቆሙ። ሾፌሩ ለኔ ቢሆን ጥሩንባ ነፍቶ ባለፈ፤ ለሳቸው ወርዶ እጃቸውን ሳመ።

«ይሄን ልጅ ሻሸመኔ አድርስልኝ።» ልጅ የተባልኩት እኔ ነኝ፤ የልጅ ልጅ ያለኝ።

«አባባ፣ ቃል አለብኝ፣ አልችልም።»

«ሽበቴን አይተህ እንቢ ትላለህ?»

ሰው ተሰብስቧል። እዚህ አገር ላደገ ሰው ይቺ ቃል ገመድ ናት። ብስክሌቴ ከቲማቲም ሣጥን ላይ ተጫነ፤ እኔም ጋቢና ገባሁ። ሽማግሌው መረቁኝ።

«ተገላገሉ እኮ ፋዘር!» ይላል ሾፌሩ እየሳቀ። እኔ በመስኮት አያለሁ። ፊደል የቆጠርኩት ልጆቼ ካደጉ በኋላ ስለሆነ የመንገድ ታፔላ ሳላነብ አላልፍም። «አብጃታ» የሚለውን ሳነብ ቡልቡላ ሩቅ ወደ ኋላ መቅረቷ ገባኝና ደሜ ፈላ። እስከዚህ ለፍቼ የቀረውን ተቀምጬ ልለፈው?

«አውርደኝ።»

«እዚህ ምድረ በዳ?»

«አውርደኝ አልኩህ!»

አወረደኝ። ከዚያው ብቀጥል ማን ያውቅብኛል? እኔ። ብስክሌቱን ወደ ቡልቡላ አዞርኩት፤ በመኪና ያለፍኩትን ተመልሼ በፔዳል ልረግጠው። ስመለስ ነፋሱ ከኋላ ሆነና ፔዳል ሳልመታ ወሰደኝ። ለማልፈልገው መንገድ ሲሆን እንዲህ ይገፋል፣ ይሄ ውሻ ነፋስ።

ሽማግሌው እዚያው ናቸው። «ምን ረስተህ ነው?»

«በመኪና ያለፍኩትን በብስክሌት ልሄደው።»

ትክ ብለው አዩኝ። ከዚያ ከዘራቸውን ይዘው እንደገና ወደ አስፋልቱ ተነሱ። እጃቸውን ያዝኩ። «ስለ ፈጣሪ አባባ!»

ነፋሱ እስኪበርድ ስጠብቅ ቀኑ መሸብኝና ቤታቸው አስገቡኝ። የሰጡኝን ወተት ሳልጨርስ ልጄ ደወለች።

«አባዬ፣ የት ደረስክ?»

«ቡልቡላ።»

«ቀትር ላይ ስደውልልህም ቡልቡላ ነኝ ብለኸኝ ነበር!»

እንዳለ ነገርኳት። «መኪና ላይ ወጥተሃላ።»

«ተመልሻለሁ እኮ!»

«ማን አየ?»

ስልኩን ለሽማግሌው አቀበልኩ። «ተመልሷል ልጄ፣ በዓይኔ አይቻለሁ» አሉ። ተመስገን ልል ስል ቀጠሉ፤ «አታስቢ፣ ነገ ጠዋት እኔው ራሴ መኪና ላይ አሳፍረዋለሁ።»

ሳቋ ከስልኩ ወጥቶ ቤቱን ሞላው። «የዛሬውን ትቼልሃለሁ አባዬ፤ ነገ ብትሳፈር ግን ብስክሌቱን ደህና ሰንብት በለው።»

ንጋት ላይ ሽማግሌው ለሶላት ሲቆሙ ብስክሌቴን ይዤ በጓሮ ወጣሁ። የሰው ቤት አድሮ ሳይመረቁ መውጣት ነውር ነው፤ አውቃለሁ። ነፋሱ ገና አልተነሳም፤ አስፋልቱም ላይ አንድ መኪና አልነበረም።